እግሬ ሁልጊዜ ዝሎ ነው የሚያድረው፤ ሰዓቴ ግን ንቅንቅ አላለም

ሳሪስ_ማለዳ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም የሩጫ ቤተሰብ። ባለፈው ኅዳር ታላቁ ሩጫን በ54 ደቂቃ ጨረስኩ። ዘንድሮ ከ50 በታች ካልገባሁ ሞቼ እገኛለሁ ብዬ ክረምቱን ሙሉ ለፋሁ፤ ሰዓቱ ግን እዚያው ነው።

ሳምንቴ ይህን ይመስላል። ማክሰኞ ሜዳ ላይ ፍጥነት፣ ሐሙስ እንጦጦ ዳገት፣ ቅዳሜ ከቡድን ጋር አስፋልት፣ እሑድ ረጅም ሩጫ። ሰኞና ረቡዕ ቀላል እሮጣለሁ፣ በኪሎ ሜትር 5፡40 አካባቢ። የማርፈው ዓርብ ብቻ ነው። ሐሙስ ከእንጦጦ እስከ ሽሮ ሜዳ በሩጫ ከወረድኩ እስከ ቅዳሜ ደረጃ መውረድ አልችልም፤ ታፋዬን በእጄ ደግፌ ነው ታክሲ ውስጥ የምቀመጠው። ሥራዬ ቢሮ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ እቀመጣለሁ።

ጡንቻ ቶሎ እንዲያገግም ምን ይደረግ? ጂም ያለው ልጅ የፕሮቲን ዱቄት ግዢ ይለኛል። ጓደኛዬ በረዶ ውሃ ውስጥ ተዘፍዘፊ ትላለች። እናቴ ደግሞ ወጌሻ ጋ ሄደሽ ታሺ ባይ ናት። ደሞዜ ለሦስቱም አይበቃም። የቱ ይቅደም?


ፊዚዮ_ቢኒ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡02

እህት ሳሪስ፣ ኪስሽን ለጊዜው ዝጊው። መጀመሪያ ሕመሙ ምን እንደሆነ እንለይ።

ዓርብና ቅዳሜ የሚያምሽ ብዙ ሰው እንደሚለው «አሲድ ተጠራቅሞ» አይደለም። ላክቴት፣ ማለትም ሰው «አሲድ» የሚለው ነገር፣ ልምምዱ ካበቃ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከደም ይጠራል፤ ልብና ጡንቻ ራሳቸው አቃጥለው ይጠቀሙበታል። በማግስቱ የሚመጣው ሕመም የጡንቻ ክሮች በጥቃቅኑ ተጎድተው ሲቆጡና ሲጠገኑ የሚሰማ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታና ይለቃል።

ሁለተኛ፣ ታፋሽን የሚጎዳው ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። ስትወርጂ የፊት ታፋ ጡንቻ እየተለጠጠ የሰውነትሽን ክብደት ይገታል፤ እያንዳንዱ እርምጃ ላይ ፍሬን ይዞ እንደሚወርድ መኪና ማለት ነው። ጡንቻን እንደዚህ ዓይነት ሥራ የሚጎዳው የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ነጻ ነው፦ ዳገቱን በርትተሽ ውጪ፣ ቁልቁለቱን በእግርሽ እየተራመድሽ ወይም በታክሲ ውረጂ።


የጫካ_ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ቢኒ የተናገረው ትክክል ነው ግን ትልቁን አለፈው። 5፡40 ቀላል ነው ያለሽ ማነው?

ስሌቱን እይው። 10 ኪሎ ሜትር በ54 ደቂቃ ማለት በኪሎ ሜትር 5፡24 ነው። ይህ የውድድር ፍጥነትሽ ነው። «ቀላል» የምትይው ከውድድርሽ የሚለየው በ16 ሴኮንድ ብቻ ነው። ስለዚህ በሳምንት ስድስት ቀን ነው ውድድር የምትሮጪው። የትኛው ወጌሻ ነው ይህን የሚያስተካክለው?

እኔ ክለብ ነው የምሠራው፣ ሰንዳፋ በኩል። ቀላል ቀን ጫካ ስንገባ እግር በእግር ተከታትለን ነው፣ ዛፍ ለዛፍ እየተጠማዘዝን፣ አንዳንዴ በኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ማራቶንን በ2፡10 የሚገቡ ልጆች አሉ። ከፊት ያለው ሰው ትንሽ ሲፈጥን ከኋላ «ቀስ!» ይባላል። በማግስቱ ኮሮኮንች ላይ ግን ማን እንደሆኑ ታያቸዋለሽ።

አንቺ ቀላል ቀን 6፡30፣ 7 ደቂቃ ብትሄጂ ነው የሚሻልሽ። ጫካ ውስጥ ወይም ዳገት ያለበት ከሆነ ከዚያም ቀስ በይ። ሰዓቱን አትዪው፤ አጠገብሽ ካለ ሰው ጋር ሳይቆራረጥብሽ ማውራት ከቻልሽ በቂ ነው።


ሳሪስ_ማለዳ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡20

7 ደቂቃ??? እሱ እኮ እርምጃ ነው! ቦሌ መንገድ ላይ በዚያ ፍጥነት ብሮጥ ሽማግሌ ሁሉ ያልፈኛል። የቡድናችን ሰዎች ደግሞ ስትራቫ ላይ (ሩጫችንን የምንመዘግብበት መተግበሪያ) አይተው ይስቁብኛል።


የጫካ_ልጅ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡26

ይለፉሽ። ይሳቁ።


ነባሩ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡50

ልጄ፣ የልጆቹን ምክር አንብቤያለሁ፣ ጥሩ ነው። እኔ ድሮ በክለብ ሮጫለሁ፤ ጃንሜዳ አገር አቋራጭ ላይ ጭቃውን ከምታውቁት በፊት እናውቀዋለን። ያኔ ዱቄት የለም፣ በረዶ የለም፣ ሰዓት የሚቆጥር ስልክ የለም። አሠልጣኛችን ከሁሉ በላይ የሚቆጣጠረው እንቅልፋችንን ነበር። ማታ በጊዜ እንተኛለን፣ ምሳ በልተን ደግሞ ጋደም እንላለን። ከልምምድ በኋላ ከተማ ሲዞር የተገኘ ልጅ ከሮጠው በላይ ይቀጣ ነበር።

እናንተ ሠራተኞች ስለሆናችሁ ቀን መተኛት አይቻላችሁም፤ ይገባኛል። ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታ የምትሮጥ ልጅ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ስልክ ስትነካካ ካመሸች ምኑን ነው የሚጠግነው ያ ሰውነት?

ስለ ወጌሻው እናትሽ ልክ ናቸው። ከባድ ልምምድ በተሠራ ማግስት በቅባት ቀስ ተደርጎ የታሸ እግር ይፈታል። እኛ በዚህ ነው የኖርነው።


ፊዚዮ_ቢኒ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡15

ጋሼ፣ ስለ እንቅልፉ የሚጨመር የለኝም። የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜ ስለሆነ፣ ለአዋቂ ሰው የሚመከረው ከ7 እስከ 9 ሰዓት ከተቆራረጠ ጥገናውም ይቆረጣል። ሳሪስ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ቡና የምትጠጪ ከሆነ እሱንም ተዪው፤ ካፌይን ግማሹ ከደም እስኪወጣ ብቻ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል።

በወጌሻው ግን ትንሽ እንከራከር። መታሸት ሕመሙን ያስታግሳል፣ ሰውነትንም ያዝናናል፤ ይህን አልክድም። የተጎዳውን ክር ግን ቶሎ አይጠግነውም። የማየው ችግር ደግሞ ሌላ ነው። ሰዎች እንደዛሉ፣ በዚያው ቀን ሄደው «በደንብ ተጭነህ ፍታልኝ» ይላሉ፤ ሰውየውም በክርኑ ይጫናል፤ በቆሰለ ላይ ሌላ ቁስል ይጨመራል። አንዳንዱ ደግሞ የአጥንት መሰንጠቅን «ወለምታ ነው» ብሎ ሲያሽ ሰንብቶ ነው ወደኛ የሚልከው።


ነባሩ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡05

ዶክተር፣ በክርኑ የሚጫነውን ሰው እኔም ወጌሻ አልለውም። የእኛ ክለብ ወጌሻ እግር ይዞ ዝም ብሎ ይቆይና «ይህ የኔ ሥራ አይደለም፣ ሐኪም ቤት ሂድ» ይል ነበር። የሚያውቅ ሰው እጁ ይለየዋል። የማያውቅ ግን ነጭ ጋውን ቢለብስስ ምን ይጠቅማል?


ፊዚዮ_ቢኒ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡11

እሱስ እውነት ነው ጋሼ። (ዶክተር አይደለሁም፣ አይሹሙኝ።)


አበበ_በሶ_በላ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

ማንም ስለ ምግብ አላነሳም፤ ስለዚህ ስሜን ላስከብር።

የፕሮቲን ዱቄት ከምግብ የተለየ ተአምር የለውም። ወተትና እንቁላል ውስጥ ያለውን ነው በጣሳ የሚሸጥልሽ። ከከባድ ልምምድ በኋላ ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን በአንድ ማዕድ ካገኘሽ ይበቃል። ሁለት እንቁላል 12 ግራም አለው፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፤ ዳቦ ስትጨምሪበት ሞላ። ለቀኑ በድምሩ በኪሎ ክብደትሽ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም፣ በጣም ስትለፊ ትንሽ ከፍ አድርጊው።

ሯጭን ይበልጥ የሚጎዳው ግን የፕሮቲን ሳይሆን የጉልበት ሰጪ ምግብ ማነስ ነው። ጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ስኳር ከፍጥነት ልምምድ በኋላ ይመናመናል፤ ካልተሞላ በማግስቱ እግር እንጨት ይሆናል። በኪሎ ክብደትሽ 1 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት በመጀመሪያው ሰዓት ውሰጂ። 57 ኪሎ ብትሆኚ ወደ 60 ግራም ማለት ነው፤ አራት የሾርባ ማንኪያ በሶ በውሃ በጥብጠሽ፣ ማር ጣል አድርገሽ፣ አንድ ሙዝ። ዋጋውን ከጣሳው ጋር አወዳድሪው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለክለብ ልጆች፦ ምንጩ የማይታወቅ ዱቄት ውስጥ የተከለከለ ነገር ተደባልቆ ቢገኝ የሚታገደው ሯጩ ነው፣ ሻጩ አይደለም።


ጾመኛ_ሯጭ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡48

አቤ እንቁላልና ወተት አልከን፤ ዛሬ ረቡዕ ነው ወዳጄ።

ሳሪስ፣ የምትጾሚ ከሆነ የሳምንትሽን አቀማመጥ ልብ በይው። ማክሰኞ ፍጥነት ትሠሪያለሽ፣ ማግስቱ ረቡዕ። ሐሙስ ዳገት ትወጪያለሽ፣ ማግስቱ ዓርብ። ሁለቱ ከባድ ቀኖችሽ ተከትሏቸው የሚመጣው የጾም ቀን ነው፤ ጡንቻ ሊጠገን በሚፈልግበት 24 ሰዓት ውስጥ እስከ 6 ወይም እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ ትውያለሽ ማለት ነው። እኔ ይህን ካየሁ በኋላ ዳገቱን ወደ ቅዳሜ ነው ያዞርኩት።

ማክሰኞን መለወጥ ካልቻልሽ በዚያው ማታ በደንብ ብዪ። የጾም ቀን ማዕድሽን ደግሞ አታቅልዪው። ምስር ወጥ በደንብ አድርገሽ፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ እጅ ሙሉ ኦቾሎኒ፤ አንድ ትልቅ ኩባያ የበሰለ ምስር ብቻውን 18 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ሰው የሚሳሳተው ጾም ሲሆን እንጀራ በቲማቲም በልቶ ማለፉ ላይ ነው። በሁዳዴ ግን እኔ ራሴ ፍጥነት ልምምዱን ከሰዓት በኋላ አድርጌ፣ ጨርሼ ወዲያው ማዕድ ላይ እቀመጣለሁ።


አነዋር_ኮልፌ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡10

በረመዳንም ያው ነው። ሶምሶማውን ከኢፍጣር በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት፣ ጠንካራውን ከተራዊህ በኋላ። ወሩን ሙሉ ሰዓት ለማሻሻል መሞከር ግን ራስን መጉዳት ነው፤ ያለውን ኮንዲሽን መጠበቅ ይበቃል።


ዱባይ_ሌሊት
ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 10፡55

እዚህ ደግሞ የበረዶ ውሃ እንደ ቅንጦት ነው የምታወሩት 😄 ዱባይ በበጋ «ቀዝቃዛ» ብለሽ ስትከፍቺው ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ሻይ ሊያፈላ ምንም አይቀረው። ታንከሩ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲበላው ይውላላ።

የሆቴል ሠራተኛ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። የምሮጠው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፤ ያኔም ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ የሚሆንበት ወር አለ። እኔን ያዳነኝ ሚዛን ነው። ሳልሮጥ እመዘናለሁ፣ ሮጬ ላቤን ጠርጌ እመዘናለሁ። አንድ ኪሎ ከቀነስኩ አንድ ሊትር ተኩል ያህል በሚቀጥሉት ሰዓታት ቀስ እያልኩ እጠጣለሁ፣ ምግቤ ላይም ጨው ጠበቅ አደርጋለሁ። ውሃ ብቻውን እንደ ግመል መጋት ሆድ ከመንፋት ሌላ ጥቅም የለውም።

ደግሞ ቆሞ መዋልም ልምምድ ነው፤ ማንም አይቆጥርልሽም እንጂ። ድርብ ፈረቃ የሠራሁ ቀን ፍጥነት አልሠራም። እረፍት ቀኔ ላይ ነው የማደርገው።


ፊዚዮ_ቢኒ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡30

የዱባይዋ እህታችን ከብዙ መጽሐፍ የተሻለ ጻፈች።

ስለ በረዶው አጭር መልስ፦ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መቆየት የሕመሙን ስሜት ይቀንሳል። የሚጠቅመው ሁለት ውድድር ሲቀራረብ ነው። ክብደት በምታነሺበት ቀን ግን ተዪው፤ አዘውትረው ከክብደት ሥራ በኋላ የሚያደርጉት ሰዎች ጡንቻቸው የሚገባውን ያህል እንደማያድግ ታይቷል። ስትሬቺንግም እንደዚሁ፤ ደስ ካለሽ አድርጊው፣ የማግስቱን ሕመም ግን እምብዛም አይቀንሰውም። ቢሮ ውስጥ በየሰዓቱ ተነስቶ ትንሽ መራመድ ይሻልሻል።


ሲልቨር_ስፕሪንግ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 10፡20

ከአሜሪካ ሰላም። ስለ ቁልቁለቱ አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም ቦስተን ማራቶንን የሮጠ ሰው ይህን በሥጋው ያውቀዋል። ከሆፕኪንተን ተነስቶ መጨረሻው ድረስ መንገዱ በድምሩ ወደ 140 ሜትር ይወርዳል፤ ሰው መጀመሪያ ላይ ቁልቁል በነጻ ሲበር ይቆይና ከ25ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ የኒውተን ዳገቶች ሲመጡ ታፋው አልቋል። የእኛው አበበ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1989 ያሸነፈው በዚህ መንገድ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ከማለቂያው መስመር ወደ ሆቴሌ ወደ ኋላ እየተራመድኩ ነው የገባሁት። ደረጃ በፊት ለፊት መውረድ የማይታሰብ ነበር።

ስለዚህ ቁልቁለትን ጨርሶ መተውም መፍትሔ አይደለም። ጡንቻ አንዴ ትንሽ ከቀመሰው በሚቀጥለው ጊዜ ጉዳቱ በጣም ይቀንሳል፤ ይህ መከላከያ ለሳምንታት ይቆያል። ከዳገቱ ልምምድ ተለይቶ፣ ሣር ወይም ለስላሳ አፈር ላይ፣ ለዘብ ያለ ቁልቁለት፣ አራት ጊዜ አንድ አንድ ደቂቃ። በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል። እንጦጦን ከላይ እስከ ታች መውረድ ግን መድኃኒቱን በጠርሙስ መጠጣት ነው።

ዕቃ ለመግዛት ለምታስቡ፦ የሚንቀጠቀጠው የማሳጅ ማሽን፣ ባት የሚያጠብቅ ካልሲ፣ የሚንከባለለው ስፖንጅ፣ ሁሉም ቤቴ አለ። ደስ ይላሉ። ሰዓቴ የተሻሻለው ግን የማታ ፈረቃ ከለቀቅኩ በኋላ ነው።


ሳሪስ_ማለዳ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡00

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ሁላችሁንም እያነበብኩ ነው። አዎ እጾማለሁ፤ የረቡዕና ዓርቡን ነገር አስቤው አላውቅም ነበር!

አንድ ነገር ልጠይቅ። ቅዳሜ ጠዋት እግሬ በጣም ካመመኝ ከሩጫው በፊት ዳይክሎፌናክ እውጣለሁ፣ ይቀለኛል። ችግር አለው? ደግሞ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ውስጥ ዓይኔን መግለጥ ያቅተኛል፤ ከደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል። ይሄም ድካሙ ነው?


ፊዚዮ_ቢኒ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡09

አለው። በጣም አለው። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ መድኃኒቶች ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። ስትሮጪና ላብ ሲወጣሽ ደግሞ ደሙ ራሱ ወደ ጡንቻና ወደ ቆዳ ስለሚያደላ ኩላሊት በሁለት በኩል ይጎዳል። በባዶ ሆድ ሲሆን ጨጓራውም አለ። ከዚያ ሁሉ በላይ፣ ቁሚ የሚልሽን ሕመም አፍኖ ያስሮጥሻል።

የዛለ ታፋ በሁለቱም እግር፣ ሰፋ ብሎ ነው የሚያመው፤ ስትንቀሳቀሺም ይለቅሻል። በአንድ ጣት የምታሳይበት ነጥብ ላይ፣ አጥንቱ ላይ፣ ሌሊትም የሚያምሽ ከሆነ ግን ሩጫ አቁመሽ ምርመራ ነው። ሽንትሽ ጠቁሮ ቡናማ ከሆነ ደግሞ ለነገ አትበዪ፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ሂጂ።


የላብራቶሪዋ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡35

ስለ ልብ ምቱና ስለ ድካሙ፦ እህቴ፣ ደም ተመርመሪ። ሄሞግሎቢን ብቻ ሳይሆን ፌሪቲንም እንዲሠራልሽ ጠይቂ፤ የብረት ክምችትን የሚያሳየው እሱ ነው። ሄሞግሎቢን ደህና ሆኖ ክምችቱ ያለቀባቸው ሴት ሯጮች ብዙ ናቸው። የወር አበባ አለ፣ ላብ አለ፣ ሥጋ የማይበላበት ቀን ብዙ ነው።

ጤፍና ምስር ውስጥ ብረት አለ፤ ነገር ግን ምሳ እንደበላን ሻይ ወይም ቡና ስናስከትል ሰውነት የሚወስደውን መጠን እንቀንሳለን። አንድ ሰዓት አቆይተሽ ጠጪ። ሎሚ ወይም ብርቱካን ከምግቡ ጋር ያግዛል። ሳትመረመሪ ግን የብረት ኪኒን ገዝተሽ እንዳትውጪ፤ ሲበዛም ይጎዳል። የወር አበባሽ የቀረ ወይም የተዛባ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሪው፤ ለሩጫው የሚበቃ ምግብ እየበላሽ እንዳልሆነ ምልክት ሊሆን ይችላል።


ሳሪስ_ማለዳ
ዓርብ፣ ከቀኑ 6፡40

እሺ፣ አዲሱ ሳምንቴ ይኸው፤ ቅደዱት።

ሰኞ እረፍት። ማክሰኞ ፍጥነት። ረቡዕ ሶምሶማ 40 ደቂቃ (በ7 ደቂቃ!! አሁንም አልዋጥልኝ ብሎኛል)። ሐሙስ ከቡድን ጋር አስፋልት። ዓርብ እረፍት። ቅዳሜ እንጦጦ ዳገት፣ በታክሲ መመለስ። እሑድ ረጅም።


የጫካ_ልጅ
ዓርብ፣ ከቀኑ 7፡15

የሐሙሱን አስፋልት ሰርዢው። ከማክሰኞ ፍጥነትና ከቅዳሜ ዳገት መሃል ሌላ ጠንካራ ቀን ከገባ ወደ ድሮሽ ተመለስሽ። ቡድኑን ከወደድሽው የቅዳሜውን ዳገት ከእነሱ ጋር አድርጊው። ሐሙስ ሶምሶማ፣ መጨረሻ ላይ ስድስት ጊዜ 20 ሴኮንድ እግር ማፍጠን፣ በቃ።

የእሑዱ ረጅም ሩጫ ደግሞ ቀስ ያለ ይሁን። ቅዳሜ ዳገት ወጥተሽ እሑድ ልፍጠን ብትይ ሰኞ በአልጋ ላይ ነሽ። በየአራተኛው ሳምንት አካባቢም ጠቅላላ ኪሎ ሜትርሽን ቀንሺ፤ ሲያምሽ ሳይሆን ሳያምሽ ነው የሚቀነሰው።


ነባሩ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡30

ልጄ፣ ይህ ዓይነቱ ሳምንት ሰው ያስሮጣል። ጠዋት ስትነሺ ከአልጋ ሳትወርጂ የልብ ምትሽን ቁጠሪ። ከወትሮው በጣም ከፍ ብሎ ካገኘሽው፣ ያን ቀን ፍጥነት የሚባል ነገር የለም፤ ወይ ሶምሶማ ወይ እንቅልፍ። ፕሮግራሙ ወረቀት ነው፤ አይቆጣሽም።


ሳሪስ_ማለዳ
ጥቅምት 20፣ ከምሽቱ 3፡05

ክሩን ልቀስቅሰው። የፌሪቲን ውጤቴ ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ፤ ሐኪሙ መድኃኒት አዞልኛል፣ ደግሜ እመረመራለሁ። (የላብራቶሪዋ፣ ባለውለታዬ ነሽ።) ዳይክሎፌናኩን ጥያለሁ። ዳገት እወጣለሁ፣ ከላይ ታክሲ ይዤ እወርዳለሁ፤ ረዳቱ ሁልጊዜ «ወጥተሽ ደከመሽ?» እያለ ያበሽቀኛል።

ማክሰኞ አምስት ጊዜ አንድ ኪሎ ሜትር ሠራሁ፣ ሁሉንም በ5 ደቂቃ ገደማ፤ አምስተኛው እንደ መጀመሪያው ነው የወጣው። ድሮ ሦስተኛው ላይ እግሬ ይከዳኝ ነበር። ረቡዕ ደረጃ በእግሬ ወረድኩ፣ ሳልያዝ። 50 ደቂቃ ይሰበራል አይሰበርም አላውቅም፤ ምናልባት 51።

አሁን ሁለት ሳምንት ገደማ ነው የቀረኝ። እስከ መጨረሻው ልጫን ወይስ ላቁም?


የጫካ_ልጅ
ጥቅምት 20፣ ከምሽቱ 3፡22

ሁለቱንም አታድርጊ። ኪሎ ሜትሩን ወደ ግማሽ አውርጂ፣ ፍጥነቱን ግን ተይው እንዳለ። አምስት ጊዜ ኪሎ ሜትር የነበረው ሦስት ይሁን፣ በዚያው 5 ደቂቃ። ጨርሰሽ ካቆምሽ እግር ይተኛል። የመጨረሻዋ ቅዳሜ ዳገት የለም።

በውድድሩ ቀን የመጀመሪያዋን ኪሎ ሜትር ለሕዝቡ ተይለት። ጭፈራ አለ፣ ግፊያ አለ፣ ልፍጠን ብትይም መንገድ የለም። ሰውን እየተሻማሽ በዚግዛግ ከሮጥሽ እዚያው ታፋሽን ጨረስሽው።


ፊዚዮ_ቢኒ
ጥቅምት 20፣ ከምሽቱ 3፡40

በመጨረሻዎቹ ቀናት አዲስ ነገር የሚባል አትሞክሪ፤ አዲስ ጫማም፣ አዲስ ወጌሻም። ጋሼ ይቅርታ 🙂


ነባሩ
ጥቅምት 20፣ ከምሽቱ 4፡02

በዚህስ ተስማምተናል። ከውድድሩ በፊት ባለችው ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ቢልሽ አትጨነቂ፤ እኛም አንተኛም ነበር። ቁም ነገሩ ከዚያ በፊት ያሉት ሌሊቶች ናቸው።


ዱባይ_ሌሊት
ጥቅምት 21፣ ከሌሊቱ 10፡40

በርቺልኝ የኔ እህት! ከዚህ ሆኜ በቀጥታ ሥርጭት አይሻለሁ። በነገራችን ላይ ከታላቁ ሩጫ በኋላ ወደ ዱባይ የሚመጣ ሰው ካለ በሶ ይዞልኝ ይምጣ። እዚህ ያገኘሁት አሮጌ ነው፣ ይሸታል።


አበበ_በሶ_በላ
ጥቅምት 21፣ ከጠዋቱ 1፡15

ስንት ኪሎ?